መምሰልና መሆን፤ የማነጻጸሪያ ድርሰት አጻጻፍ

ባለፈው ትምህርት አንድን ነገር ብቻውን አቁማችሁ መግለጽን ተለማምዳችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁማችሁ መጻፍን ትማራላችሁ። ሥራው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ተማሪዎች አዘውትረው ከሚሳሳቱባቸው የድርሰት ዓይነቶች አንዱ ይኸው ነው። የሚሳሳቱትም ቃላት አጥሯቸው አይደለም፤ በምን መለኪያ እንደሚያነጻጽሩ ሳይወስኑ ብዕር ስለሚያነሡ ነው።

«ማነጻጸር» የሚለው ቃል ከግእዙ «ነጸረ» የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም «ተመለከተ» ማለት ነው። «መነጽር» እና «አንጻር» የሚሉትም ቃላት ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ማነጻጸር ማለት አንዱን በሌላው ትይዩ አቁሞ መመልከት ነው። «ማወዳደር» ግን በውስጡ ውድድር አለበት፤ አሸናፊና ተሸናፊ ይፈልጋል። የምትጽፉት ድርሰት በመጀመሪያ ያነጻጽር፤ የሚያወዳድረው ከዚያ በኋላ፣ ያውም ካስፈለገ ነው።

የድርሰቱ ርእስ

ርእሳችንን ከጋምቤላ እንውሰድ። በጋምቤላ ከተማ ከባሮ ድልድይ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ ብትቆሙ ሞተር ብስክሌቶች በተርታ ሲያልፉ ታያላችሁ። ሰዉ በአጭሩ «ሞተር» ይላቸዋል። አንዱ ሰው አፈናጥጦ ይሄዳል፤ ሌላው ጆንያ አስሮ ይከንፋል፤ አንዲት የጤና ሠራተኛም የክትባት መያዣ ሣጥኗን ከኋላ አስራ ወደ ገጠር ቀበሌ ታመራለች። ብዙዎቹ ከሕንድና ከቻይና የመጡ፣ ሞተራቸው ትንሽ፣ መልካቸው ተራ የሆነ የሥራ መሣሪያዎች ናቸው።

ከእነዚህ በአንዱ ተፈናጥጦ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ተማሪ፣ በስልኩ ያገኘውን የአንድ ያማረ ሞተር ብስክሌት ፎቶግራፍ ለጓደኛው አሳየው እንበል። የፊት መብራቱ ክብ ነው፤ የቤንዚን ሰልባቲዮው የእንባ ጠብታ ይመስላል፤ ማርሚታው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። አንደኛው፣ «ይህ የድሮ ሞተር ነው» አለ። ሁለተኛው፣ «የለም፤ በቅርብ ዓመታት የተሠራ ነው» ሲል መለሰለት። እስከ ቤታቸው ድረስ ተከራከሩ፤ አልተግባቡም። ሊግባቡም አይችሉም ነበር፤ አንዱ የተናገረው ስለ መልክ፣ ሌላው የተናገረው ስለ ዘመን ነውና።

በዛሬው ጊዜ የአሮጌውን መልክ ለብሰው አዲስ የሚሠሩ ሞተር ብስክሌቶች በዓለም ገበያ ብዙ ናቸው። የሚከተለው ምንባብ ስለ እነርሱ የተጻፈ የማነጻጸሪያ ድርሰት ነው። በጥሞና አንብቡት። ስታነቡ ጸሐፊው «ይመስላል» ያለበትንና «ነው» ያለበትን ቦታ በእርሳስ አስምሩበት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ምንባብ፤ አሮጌ መልክ፣ አዲስ ሞተር

እ.ኤ.አ. በ1959 ትራያምፍ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ «ቦንቪል» የተሰኘውን ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። ስሙ የተወሰደው በአሜሪካ በዩታ ግዛት ከሚገኝ የጨው ሜዳ ነው፤ በእኛ አገር በዳሎል አካባቢ እንደምናውቀው ያለ ዝርግና ነጭ ሜዳ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1956 በትራያምፍ ሞተር የሚሄድ የውድድር ተሽከርካሪ በሜዳው ላይ በሰዓት 214 ማይል ሮጦ ነበር። ፋብሪካው ያን ዝና በስሙ አድርጎ ሸጠው።

የቀድሞው ቦንቪል ሁለት ፒስተን ያለው፣ የሲሊንደሮቹ ይዘት 650 ሲሲ የሆነ ሞተር ነበረው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ሲሊንደሮቹን በከበቡት የብረት ሽንሽኖች መካከል የሚያልፈው ነፋስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚደባለቁት በሁለት ካርቡራተሮች ውስጥ ነው። ጋላቢው ሞተሩን በእግሩ መትቶ ያስነሣል፤ ማርሹን በቀኝ እግሩ ይለውጣል፤ የኋላውን ፍሬን በግራ እግሩ ይረግጣል። ዘይት የማንጠባጠብ ልማዱም የታወቀ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ በጊዜው ከነበሩት ፈጣኖች አንዱ ስለ ነበር ወጣቶች ወደዱት። ከዚያ በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች ዘይት የማያንጠባጥብ፣ በቁልፍ የሚነሣ ሞተር ይዘው መጡ። ትራያምፍም እየደከመ ሄዶ በ1983 የሜሪደን ፋብሪካው ተዘጋ።

ስሙን የገዛ ሌላ ባለቤት በሂንክሊ ከተማ አዲስ ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ2001ም «ቦንቪል» የሚለውን ስም መልሶ አወጣው። አዲሱ ቦንቪል አሮጌውን ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድም ብሎን ከአሮጌው የወሰደ አይደለም። ሞተሩ 790 ሲሲ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ዲስክ ፍሬን አለው፤ የማርሹ መለወጫም ወደ ግራ እግር ተዛውሯል። በ2008 ደግሞ ካርቡራተሩ ቀረና ቤንዚኑን በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚረጭ ኢንጀክተር ገባ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ተደረገ። መሐንዲሶቹ የኢንጀክተሩን አካል ካርቡራተር አስመስለው ሠሩት። ከውጭ የሚያይ ሰው ካርቡራተር ያየ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። በ2016 የወጣው ባለ 1200 ሲሲ ቦንቪል የሚቀዘቅዘው በውኃና በራዲያተር ነው፤ የብረት ሽንሽኖቹ ግን ዛሬም በሲሊንደሩ ዙሪያ አሉ። ጭምብል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ማታለል ብለው የሚነቅፉ አሉ። ነገር ግን ፋብሪካው የሠራውን አልደበቀም፤ በመግለጫው ጽፎታል። የአውሮፓ ሕግ የጭስንና የጩኸትን መጠን ከዓመት ወደ ዓመት እያጠበቀ ሲሄድ የ1959ኙን ሞተር እንዳለ መሥራት አይቻልም ነበር። ገዢውም የሚፈልገው የአባቱን ዘመን መልክ እንጂ የአባቱን ዘመን ጭንቀት አይደለም።

ከዚህ የተለየ ታሪክ ያለው ሮያል ኤንፊልድ ነው። ይህም በትውልዱ እንግሊዛዊ ሲሆን «ቡሌት» የተባለውን ሞተር ብስክሌት ከ1932 ጀምሮ በዚያ ስም ሲሠራ ቆይቷል። በ1955 ቡሌትን በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ መገጣጠም ተጀመረ። እንግሊዝ አገር የነበረው ሥራ በ1970 ገደማ ሲያከትም የማድራሱ ፋብሪካ ግን ቀጠለ። የድሮውን ዓይነት ባለ ብረት ሲሊንደር ሞተር እስከ 2010 ገደማ ድረስ አልለቀቀም። እንግዲህ ይህ አሮጌውን የመሰለ አልነበረም፤ አሮጌው ራሱ ነበር፤ ዘመኑ አልፎበት ያልሞተ። ያው ፋብሪካ በ2009 አዲስ ሞተር ሠርቶ የአሮጌ መልክ አለበሰውና «ክላሲክ» ብሎ ሰየመው። ያልሞተውን አባት ቤት አስቀምጦ አባቱን የሚመስል ልጅ ወደ ገበያ እንደ መላክ ያለ ነው።

የጃፓኑ ካዋሳኪ ደግሞ በ1966 የእንግሊዙን ቢኤስኤ በመከተል «ደብልዩ 1» የተባለ ሞተር ብስክሌት ሠራ። በ1999 ያንኑ የሚያስታውስ «ደብልዩ 650» አወጣ። ይህ የአምሳያ አምሳያ ነው። አምሳያውም ሲያረጅ «የመጀመሪያው» ተብሎ ይከበራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጋምቤላው ጎዳና እንመለስ። ከድልድዩ አጠገብ ያየነው ተራ ሞተር ክሮም የለውም፤ ማንም የድሮ ነው አይለውም። ዳሩ ግን ቀረብ ብላችሁ መርምሩት። ብዙውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ቤንዚን የሚወስዱት በካርቡራተር ነው። ባትሪው ቢደክም በእግር ተመትቶ ይነሣል። የኋላ ጎማው በካቴና ይጎተታል። በአሠራሩ ከአዲሱ ቦንቪል ይልቅ ለ1959ኙ ይቀርባል። ያማረው ሞተር አሮጌ መልክና አዲስ ባሕርይ ሲኖረው፣ ተራው ሞተር በአንጻሩ አዲስ መልክና አሮጌ ባሕርይ አለው።

ይህ ለጋምቤላ ሰው የወሬ ጉዳይ አይደለም። ገንዘብ አጠራቅሞ ሰው በማመላለስ ሊተዳደር ያሰበ ወጣት በመልክ ብቻ ቢያነጻጽር የዓመታት ላቡን ያጣል። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ክረምት ሲገባ የሜዳው ጥቁር ዋልካ ጎማ ይይዛል። በእንዲህ ያለው መንገድ በዝግታ የሚሄድ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነፋሱን ስለሚያጣ ይግላል፤ በውኃ የሚቀዘቅዘው ግን ራዲያተሩ በማራገቢያ ስለሚረዳ ይችለዋል። ራዲያተሩ በጭቃ ከተደፈነ ወይም ድንጋይ ከበሳው ግን ጉዞው እዚያው ያበቃል።

ከጋምቤላ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬ የሚወጣውን መንገድ ደግሞ አስቡ። ጎሬ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ስለዚህ ሞተሩ 1500 ሜትር ያህል ይወጣል ማለት ነው። ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ለጋምቤላ የተስተካከለ ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ በሳሳው አየር ላይ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይለቅበታል። ሞተሩ ይታፈናል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ቤንዚንም ያለ ጥቅም ያልቃል። ኢንጀክተር ያለው ሞተር የአየሩን መጠን ራሱ ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። በዳገቱ ላይ አዲሱ ያለ ጥርጥር ይሻላል። የታፈነውን ካርቡራተር ግን መካኒኩ በካቻቢቴ ፈትቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ ብሎኑን አጥብቆ ወይም አላልቶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያስተካክለዋል። የኢንጀክተሩ ኮምፒዩተር ቢታመም ካቻቢቴ አይፈውሰውም፤ መርማሪ መሣሪያና መለዋወጫ ያለበት ከተማ ድረስ መጫን አለበት። ዳገቱን ማን ይወጣል ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ አለ፤ ከኢታንግ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ማን ይመለሳል ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ አለ።

የምንባቡ ማብራሪያ

ጸሐፊው በመጀመሪያ ስለ አሮጌው፣ ቀጥሎ ስለ አዲሱ ጽፏል። ጋምቤላ ሲደርስ ግን ይህን አካሄድ ትቶ ሙቀትን፣ ዳገትን፣ ጥገናን እያነሣ በየነጥቡ ሁለቱን አቁሟቸዋል። ሁለቱም ስልቶች ይፈቀዳሉ። አንባቢው ነገሮቹን የማያውቃቸው ሲሆን በመጀመሪያው ጀምሩ፤ ካወቃቸው በኋላ በሁለተኛው ቀጥሉ። አንዱን ስልት ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻ አትለውጡ የሚል መምህር ቢያጋጥማችሁ፣ ለጀማሪ የተሰጠ ምክር መሆኑን ዕወቁ።

ምንባቡን ከዚህ ቀጥሎ ካለው የተማሪ ድርሰት ጋር አስተያዩት፦

«የድሮ ሞተር ጠንካራ ነበር። የአሁኑ ሞተር ግን ደካማ ነው። የአጎቴ ጎረቤት የድሮ ሞተር እስከ ዛሬ ይሠራል። ስለዚህ የድሮ ነገር ሁሉ ይሻላል።»

የድርሰቱ ሰዋስው ልክ ነው፤ ሐሳቡ ግን ይነክሳል። የጎረቤቱ ሞተር እስከ ዛሬ ስለ ቆየ ታየ። በዚያው ዓመት ተሠርተው በአምስት ዓመት ውስጥ ተበላሽተው የተጣሉት ግን ዛሬ ስለሌሉ አልታዩም፤ አልተቆጠሩምም። የቆዩትን ብቻ ቆጥሮ «ድሮ ሁሉ ጠንካራ ነበር» ማለት፣ ከፈተና ያለፉትን ብቻ ጠይቆ «ፈተናው ቀላል ነበር» እንደ ማለት ነው። «ጠንካራ» የሚለውም ቃል በምን እንደ ጠነከረ አልተነገረለትም። ብረቱ ነው? ፍሬኑ ነው? ወይስ ባለቤቱ ነው አዘውትሮ የሚጠግነው?

ሰዋስው

በአማርኛ ቅጽል ለማበላለጥ ሲባል ቅርጹን አይለውጥም። «ሞቃት» ምን ጊዜም «ሞቃት» ነው። ብልጫውን የሚያሳየው በተነጻጻሪው ስም ላይ የሚገባው «ከ» ነው።

ጋምቤላ ከጎሬ ይሞቃል።
ከጎሬ ይልቅ ጋምቤላ ይሞቃል።
ጋምቤላ ከጎሬ የበለጠ ሞቃት ነው።

ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ናቸው። ሆኖም «ከ» ብቻውን የሚነግረን ከማን እንደሚበልጥ ነው፤ በምን እንደሚበልጥ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን «በ» ነው። «አዲሱ ከአሮጌው ይሻላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጎዶሎ ነው። «አዲሱ በፍሬኑ ከአሮጌው ይሻላል» ሲባል ግን መለኪያው ተገኘ። በድርሰታችሁ ውስጥ «ከ» ጽፋችሁ «በ»ን ከረሳችሁ ቆም በሉና «በምን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

አሁን በእርሳስ ወዳሰመራችሁባቸው ቦታዎች እንመለስ።

አዲሱ አሮጌውን ይመስላል።
አዲሱ አሮጌው ነው።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አሮጌው» የሚለው ስም «ን»ን ተቀብሏል፤ በሁለተኛው አልተቀበለም። «መሰለ» ተሳቢ የሚፈልግ ግሥ ነውና ሁለት ነገሮች መኖራቸውን ግድ ይላል፤ አንዱ መሳይ፣ ሌላው ተመሳይ። «ነው» ግን ሁለቱን ስሞች አንድ ያደርጋቸዋል፤ በመካከላቸው «ን» የምትቆምበት ቦታ የለም። ስለ ሞተር ብስክሌትም ሆነ ስለ ሰው ስትጽፉ የምትመሰክሩት በዚህች በአንዲት ፊደል ነው። በዚያ ላይ «ሞተሩ የተበላሸ ይመስላል» ስትሉ ግሡ ግምትን ያሳያል፤ «ይመስለኛል» ስትሉም ሐሳቡ የእናንተ መሆኑን ያሳያል። አይታችሁ ያረጋገጣችሁትን «ይመስለኛል» አትበሉ፤ የገመታችሁትንም «ነው» አትበሉ።

«እንደ» እና «ያህል» የሚባሉትም አይተካኩም። «እንደ» ሁኔታን፣ «ያህል» መጠንን ያሳያል። አዲሶቹ ፋብሪካዎች የማርሚታው ድምፅ የድሮውን ቃና እንዲይዝ ይደክማሉ፤ ሕጉ ግን ጩኸቱን ወስኖባቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ብለን እንጽፋለን፦ «አዲሱ እንደ አሮጌው ይጮኻል፤ የአሮጌውን ያህል ግን አይጮኽም።»

የቃላት ጥናት

በምንባቡ ውስጥ «ካንዴላ»፣ «ካቴና»፣ «ካቻቢቴ» የሚሉ ቃላትን አግኝታችኋል። በርእሱም ላይ «ሰልባቲዮ» እና «ማርሚታ» ተጠቅሰዋል። «ፍሪሲዮን» እና «ጎሚስታ» የሚሉትንም በየጋራዡ ትሰማላችሁ። እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው፤ መኪናውና ጋራዡ ይዘዋቸው መጡ። «ኢንጀክተር»፣ «ሴንሰር»፣ «ኮምፒዩተር» የሚሉት ግን ከእንግሊዝኛ የመጡ ኋለኞች ናቸው። መካኒኩ ሲናገር ብትሰሙት የትኛው ክፍል በየትኛው ዘመን እንደ መጣ ከቃሉ ልትገምቱ ትችላላችሁ። «ባጃጅ» ደግሞ ከዚህ ይለያል። የሕንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ በአገራችን ግን የባለ ሦስት ጎማው ተሽከርካሪ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህም ያው ፋብሪካ የሠራው ባለ ሁለት ጎማ «ባጃጅ» ሳይባል «ሞተር» ይባላል።

መልመጃ

1. ከሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች የጎደለውን መለኪያ በ«በ» እየሞላችሁ ጻፉ፦ «የጋምቤላ መንገድ ከጎሬ መንገድ ይከብዳል።» «የወንዝ ጀልባ ከመኪና ይሻላል።» «ቡሌት ከቦንቪል ይበልጣል።» ለአንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን ፈልጋችሁ መልሱ የሚገለበጥ መሆኑን ተመልከቱ።

2. «መሰለ» ከሚለው ግሥ የወጡትን «ምስል»፣ «ምሳሌ»፣ «አምሳያ»፣ «አስመሳይ» የሚሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ። ከእነዚህ የነቀፋ ስሜት ያለበት የትኛው ነው? ምንባቡ ውስጥ ያለውን «አስመስለው ሠሩት» የሚለውን ሐረግ ያለ ነቀፋ እንዴት ታስተካክሉታላችሁ?

3. ጸሐፊው ካርቡራተር ስለሚመስለው ኢንጀክተር ሲጽፍ ከነቃፊዎቹ ጎን ቆሟል ወይስ ከፋብሪካው? መልሳችሁን በምንባቡ ቃላት አስደግፉ።

4. በአካባቢያችሁ አሮጌ መልክ ይዞ አዲስ የተሠራ አንድ ነገር ፈልጉ። የፕላስቲክ መሶብ፣ በኤሌክትሪክ የሚፈላ ጀበና፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተሠርቶ በሣር የተከደነ የሆቴል ጎጆ፣ ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ከቀድሞው ጋር እያነጻጸራችሁ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት በነገሩ ዕለት ዕለት የሚሠራበትን አንድ ሰው፣ ባልቴትም ትሁን መካኒክ፣ ጠይቁ፤ የነገራችሁንም መለኪያ በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ አስገቡ። ሲጨርስ ድርሰታችሁን ለጎረቤታችሁ ስጡትና «ነው» ያላችሁባቸውን ቦታዎች ሁሉ በቀይ እርሳስ ያክብባቸው።